ሎርና ያስፈረመችው ወረቀት

ሎርና ፔትሪክ በአሜሪካ በኢሪ ከተማ የተማሪ አውቶቡስ መንዳት ከጀመረች ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። እኔም የምነዳው ከዚያው ግቢ ነው፤ ክረምት ክረምት የመስታወታችንን በረዶ ጎን ለጎን ሆነን እንፍቃለን። አራት ልጆች ያለ አባት አሳድጋለች፤ በዚህ ትኮራ ነበር። ስለ ልጅ ሊመክራት የሞከረውን ሁሉ «አንተ ስንት አሳደግክ?» ብላ ታፋጥጠዋለች።

የመጨረሻ ልጇ ከርቲስ ሴት ልጅ ተወለደችለት፤ ማርሊ አሏት። ከሆስፒታል ሊወጡ ሲሉ አንዲት ነርስ አጭር ፊልምና ወረቀት ይዛ ገባች። ፊልሙ ሕፃን በኃይል ሲነቀነቅ አንጎሉ እንዴት እንደሚጎዳ ያሳያል፤ ወላጆች አይተው ይፈርማሉ።

«ስንት ደቂቃ ነው?» አለች ሎርና።

«ስምንት ደቂቃ ነው፣ እናቴ።»

«የኔ እህት፣ እኔ አራት አሳድጌያለሁ፤ አንዱንም ነቅንቄ አልገደልኩም። ፈርምና እንሂድ፣ ከርቲስ።»

ከርቲስ ሳቅ ብሎ ፈረመ። ሚስቱ ዳና ልታየው ፈልጋ ነበር፤ አማቷን ፈርታ እሷም ፈረመች።

በሁለተኛው ወር ማርሊ ለቅሶ ጀመረች። አንዴ ከጀመረች ሦስት ሰዓት አታቆምም። ዳና ሥራ ገብታለች፤ ከርቲስ ፋብሪካው ስለቀነሰው ቤት ይውላል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቱ ጋ ደወለ።

«እማ፣ ዝም አልል አለችኝ። ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው።»

«ሕፃን ያለቅሳላ፣ ምን አዲስ ነገር አለው? አባት አይደለህ? ቻለው።» ተማሪ የምትጭንበት ሰዓት ደርሶ ነበርና ስልኩን ዘጋችው።

«አልጋዋ ላይ አስተኝተሃት፣ በሩን ዘግተህ ውጣና ተንፍስ፣ ለቅሶ አይገድላትም» ያለው ሰው አልነበረም። ከርቲስ በብብቷ ይዞ ነቀነቃት። ጥቂት ሰከንድ ነው። ዝም ስትል እንቅልፍ የወሰዳት መስሎት አስተኛት። ዳና ከሥራ ገብታ ጡጦ ልትሰጣት ብትል አልነቃችም።

ማርሊ አልሞተችም። ዛሬ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ አያይም፣ ምግቧም በቱቦ ነው።

ከርቲስ ፍርድ ቤት ቀርቦ «እንዲህ እንደሚጎዳ ማንም አልነገረኝም» አለ። ዐቃቤ ሕጉ ከፋይሉ አንድ ወረቀት መዘዘ። አይቻለሁ፣ ተረድቻለሁ ይላል፤ የከርቲስ ፊርማ አለበት። ስድስት ዓመት ተፈረደበት።

«ከኋላው ተቀምጬ ነበር» አለችኝ ሎርና አንድ ጠዋት። «ተነስቼ፣ ሳያይ ያስፈረምኩት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አፌ ተያዘ።»

«ብትናገሪ ይለቁት ነበር?»

«አይለቁትም። ቢሆንም ልጄ ይሰማኝ ነበር።»

አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ወደ ወሊድ ክፍል እየሄደች ፊልሙን እንዲያዩ አዲስ ወላጆችን ታነጋግራለች። ባለፈው አንድ ወጣት አባት ከስልኩ ቀና ሳይል «እኛ ቤት እንደዚህ ዓይነት ሰው የለም» አላት።

«እኛም ቤት አልነበረም» አለችው። ሚስቱ ስልኩን ከእጁ ወሰደችው፤ እሱ ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ከርቲስ ዘንድሮ ተፈቷል። ልጁ ባለችበት እንዳይደርስ ተከልክሏል። ዳና ማርሊን ሎርና ቤት የምትተዋት ቅዳሜ ስለሆነ፣ እሱ እናቱ ጋ የሚመጣው እሑድ ነው። ሎርና የሚወደውን ፒሮጊ የሚሉትን ድንች የተሞላ ሊጥ ትጠብስለታለች፤ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይበላሉ።

«ምን ታወራላችሁ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ስለ አየሩ» አለችኝ።