ለአማቴ ያቀረብኩት ጥያቄ

ይህን መጻፍ ከጀመርኩ ሰነበትኩ። ባለቤቴ ጋ ስደርስ እጄ ይቆማል።

ባለቤቴ ሲሞት ጀምሬው የነበረውን የቅዳሜ የኮሌጅ ትምህርት ላቆመው ነበር። ያላቆምኩት ቤት መዋል ስለከበደኝ ነው። ቤት ውስጥ እናቱ አሉ። ከገጠር ለለቅሶ መጥተው እኔ ዘንድ ቀሩ፤ ከዚያ ወዲህ ምግብ እምቢ አላቸው። ነጠላው ከትከሻቸው እስኪንሸራተት ድረስ ከሱ። ያኔ ለሶዶ አዲስ በነበረው ባጃጅ ኦቶና ሆስፒታል ወስጄ አስመረመርኳቸው። ሐኪሙ ደማቸውንም ሆዳቸውንም አይቶ በሽታ የለባቸውም አለኝ። ሌላ ለቅሶ ሊመጣብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

እኛ ቤት የባለቤቴ ስም አይነሳም ነበር። ድንኳኑ የፈረሰ ዕለት የባለቤቴ አጎት ወደ ጓሮ ጠርቶኝ፣ «እናቱ ፊት እንዳታነሺው፤ አንዴ ማልቀስ ከጀመረች አትመለስም» ብሎኝ ነበር። እንዳለኝ አደረግሁ። የምናወራው ስለ በቆሎው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤት ላም ነበር።

ሳይኮሎጂ የሚያስተምረን ወጣት መምህር ስለ ሐዘን ያዘጋጀውን ሃንድአውት ካደለን በኋላ፣ እያንዳንዳችን በውስጡ ባሉት ጥያቄዎች አንድ ሐዘንተኛ ጠይቀን እንድንመጣ አዘዘ። ግሩፓችን ውስጥ ያሉት ሁሉ ልጆች ናቸው፤ እኔን አስተማሪ ስለሆንኩ ቲቸር ይሉኛል። ዞረው አዩኝ።

«ቲቸር፣ እርስዎን እንጠይቅዎትና ይገላግሉን» አለ አንዱ።

«አንተ ደግሞ!» ብላ ጓደኛው በክርኗ ጎሸመችው።

«እኔም የምጠይቀው ሰው አለኝ» አልኳቸው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንደ ድንች ያለውን ቦዬ ቀቅዬ ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር አቀረብኩና በወላይትኛ፣ «እማማ፣ ለትምህርት የምጠይቅዎት ነገር አለ» አልኳቸው።

«በዚህ ዕድሜዬ ልትፈትኚኝ?»

«ፈተና አይደለም፤ የመጣልዎትን ይንገሩኝ።»

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ያጡትን ሰው ሲያስቡ ቀድሞ የሚታይዎት ምንድን ነው የሚል ነበር።

«አንቺ ፊት እንዳላነሳው አጎቱ አስጠንቅቆኛል» አሉ። «ገና ልጅ ናት፣ ትታመምብናለች አለኝ።»

«እኔንም እርስዎ ፊት እንዳላነሳው ብሎኛል።»

«ወይ ይሄ ሰውዬ። ከልጅነቱ ጀምሮ የማይገባበት የለም።»

ከዚያ ነገሩኝ። ባለቤቴ ሥራ እንደያዘ ከገበያ ጫማ ገዝቶላቸው ጠበባቸው። «እንዳይከፋው ብዬ በእጄ ይዤው እሄድና ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ አደርገው ነበር።»

«ያውቅ ነበር እኮ፣ እማማ። ከሩቅ ያይዎት እንደነበር ነግሮኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«እንዳይከፋዎት ነዋ።»

ሳቁ። ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ፤ እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ። በቃችሁ የሚለን ሰው አልነበረም። ጸጥ ስንል እጃቸው ወደ ሳህኑ ሄዶ ቦዬውን ቆርሶ ዳጣው ውስጥ ሲነክር አየሁ። እንዳያፍሩና እንዳይተዉት ብዬ ወረቀቴ ላይ አቀረቀርኩ። የቀሩትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው፤ አለቁ።

«ቀጥዪ እንጂ» አሉኝ እያኘኩ።

ከራሴ ጥያቄ አመጣሁ። ልጅ ሳለ ምን ይፈራ እንደነበር ጠየቅኋቸው።