በሩን አልከፍትም ያልኩ ለት

የዛሬ ወር ገደማ ነው። ገና ሊነጋጋ ሲል የግቢዬ በር ተንኳኳ...

ውሃ በአህያ ጋሪ የሚያመጣልን ሰውዬ መስሎኝ ጄሪካኔን አንጠልጥዬ ወጣሁ። እሱ ግን በዱላ ነው የሚያንኳኳው፣ ሰፈሩን በሙሉ ነው የሚቀሰቅሰው። ይሄኛው ቀስ ያለ ነበር። በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮልቄ ሳይ... ነጠላ የለበሱ ስድስት ሴቶች። ከፊታቸው ጋሽ ታደሰ፣ የእድራችን ሰብሳቢ።

ጄሪካኑ ከእጄ ወደቀ።

የምኖረው ነገሌ ቦረና፣ የጦር ካምፑ አጠገብ ነው። ባለቤቴ ደረጀ ወታደር ነው። ግዳጅ ሄዶ ስልክ ካልደወለ አምስተኛ ወሩን ይዞ ነበር። እዚህ ሰፈር ያለን ሴቶች ደግሞ አንድ ነገር እናውቃለን... በማለዳ ነጠላ ለብሶ፣ የእድር ሰብሳቢ አስቀድሞ የሚመጣ ሰው መርዶ ይዞ ነው። አምና ለጎረቤቴ መርዶ ሲነገር «አንቺ ጠንከር ትያለሽ፣ ከኋላዋ ቆመሽ ያዣት» ተብዬ የሄድኩት እኔው ነበርኩ።

ስለዚህ መጀመሪያ የፈለግሁት እኔን ለመያዝ ማን እንደመጣ ነው። አገኘኋት። ማርታ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ... ግማሽ ኩንታል ዱቄት ብቻዋን የምትሸከም ሴት። አለቀልኝ አልኩ በልቤ።

ነጠላቸውን እንደ ሀዘንተኛ አዘቅዝቀውት እንደሆነ ለማየት ዓይኔን ቀዳዳው ላይ ተከልኩ። ጨለማው አላሳይ አለኝ። አንዷ ከነጠላዋ ስር የሆነ ነገር ታቅፋለች። ውሃ ነው አልኩ፣ ስወድቅ የሚረጩብኝ።

«ኢንታላ ኮ... ልጄ፣ ናጋ ነው። ክፈቺ» አሉኝ አዴ ሎኮ። የቦረና እናት ናቸው፣ የቤተክርስቲያናችንን የሴቶች ጸሎት የሚመሩት እሳቸው ናቸው።

ናጋ ማለት ሰላም ነው። መርዶ ነጋሪ ሁሉ ግን መጀመሪያ «ሰላም ነው» ነው የሚለው። እኔም ያኔ ለጎረቤቴ ያልኳት እሱኑ ነው።

መቀርቀሪያውን በሁለት እጄ ያዝኩት። ልከፍት ሳይሆን እንዳይከፈት። ያን ሰዓት የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው... በሩን እስካልከፈትኩ ድረስ ደረጀ አለ። ከከፈትኩ ይሞታል።

«ቤት ውስጥ ሰው የለም» አልኩ። እኔው ራሴ።

ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «እንግዲህ ልጄ...» ሲሉ አላስጨረስኳቸውም። «ጋሽ ታደሰ፣ በእናትዎ አይናገሩ። በፈጠረዎት። ወደ ቤትዎ ይሂዱልኝ» አልኳቸው። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

እውነቱን ልንገራችሁ... እግዚአብሔርን ካኮረፍኩት ሁለት ወር አልፎኝ ነበር። ቤተክርስቲያን መሄድ ትቻለሁ። አዴ ሎኮ ሊጠይቁኝ ሲመጡ እንኳ «ጸሎታችሁ ስልክ አያስደውልም» ብዬ ነው የመለስኳቸው። እኔ ሳኮርፍ ለሰውም ለፈጣሪም አልመለስም። ያን ቀን መሬት ላይ ሆኜ «ጌታ ሆይ» ልል ፈለግሁና አፌ እምቢ አለኝ። በምን ፊቴ ልጥራው።

ከበሩ ወዲያ የሆነ ሰው ቁጭ ሲል ሰማሁ። አዴ ሎኮ ናቸው። በቆርቆሮ ብቻ ተለያይተን ጀርባ ለጀርባ ሆንን። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በኦሮምኛ መጸለይ ጀመሩ። መርዶውን ከመንገራቸው በፊት ብርታት እየለመኑልኝ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

«ያ ዋቃ... ደረጀ ናጋን ዴቢሲ» አሉ።

ስድስት ዓመት ነገሌ ኖሬ ይቺ ትጠፋኛለች እንዴ። አምላክ ሆይ፣ ደረጀን በሰላም መልሰው። ደግመው አሉት። ሦስተኛም አሉት። ሌሎቹ «አሜን» አሉ።

ለሞተ ሰው «በሰላም መልሰው» ተብሎ አይጸለይም።

መቀርቀሪያውን እንዴት እንደከፈትኩት አላውቅም። «ደረጀ... ደረጀ አልሞተም?» አልኩ።

አዴ ሎኮ ደንግጠው አዩኝ። «ኧረ ማን ሞተ አለሽ? እኛ ምን እናውቃለን? የንጋት ጸሎት ጨርሰን መጣን። አንቺ እሁድ አትመጪ፣ ረቡዕ አትመጪ... እኛ መጣን» አሉኝ። ከነጠላው ስር የነበረው መጽሐፍ ቅዱስ ነው።

ጋሽ ታደሰም የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፣ በድንጋጤ እሱን ረስቼው የእድር ሰብሳቢነታቸው ብቻ ነበር የታየኝ። «እኔስ ብያቸው ነበር» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «በዚህ ሰዓት ተግተልትለን ብንሄድ ልጅቷን እንገድላታለን፣ ቀን ይሁን ብያቸው ነበር። እነዚህን ሴቶች ማን ይመልሳቸዋል።»

ሰድቤያቸዋለሁ፣ አልዋሽም። እያለቀስኩ አንድ በአንድ ነው የሰደብኳቸው። የያዘችኝ ግን ያችው ማርታ ናት። አምስት ወር እምቢ ያለኝ ለቅሶ ደረቷ ላይ ወጣልኝ። ከዚያ እዚያው ግቢ ውስጥ ተንበረከክን። እነሱ ሲጸልዩ እኔ «አኩርፌሃለሁ፣ ግን አትተወኝ» ብቻ አልኩት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። እሱኑ ብዬ ግን ቀለለኝ፣ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነሳልኝ። ሲሄዱ ጋደም አልኩ። የውሃው ሰውዬ በዱላው በሩን ሲደበድብ እንኳ አልሰማሁም።

ደረጀ እስካሁን አልደወለም። ፍርሃቱም አልለቀቀኝም። ብቻዬን ግን አልፈራም።

አዴ ሎኮና ሴቶቹ አሁን በየሳምንቱ ረቡዕ ይመጣሉ። ታዲያ ከመንገዱ ጫፍ ጀምረው እየዘመሩ ነው። መርዶ ይዞ የሚዘምር ስለሌለ፣ ገና ከሩቅ ስሰማቸው ልቤ ያርፋል።

አንድ ቀን ሳይዘምሩ ቢመጡም... እከፍትላቸዋለሁ።