ምስል እስኪመጣ

ሥራዋ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። የችሎት ምስክርነት፣ የቦርድ ስብሰባ፣ ሰው ተናግሮ የሚረሳውን ሁሉ እሷ ሰምታ ትጽፈዋለች። ዓይኗ ከልጅነቷ ጀምሮ አያይም። ሥራ የሚሰጧት ሰዎች «ጆሮ» ነው የሚሏት፤ ሦስት ሰው ባንዴ ሲጯጯህ ማን ምን እንዳለ ለይታ ስለምታስቀምጥ። ቅጽል ስሙን አትጠላውም። የምትጠላው ሳትጠይቅ የሚረዳትን ሰው ነው፤ ከነዚያም ሁሉ ዋናው ታላቅ ወንድሟ ነው።

ወንድሟ የአሳንሰር ጠጋኝ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በፎቅና በፎቅ መካከል የተቀረቀረ ሰው ሲያወጣ ስለኖረ፣ ሽቦ ያለው ነገር ሁሉ የሚታዘዝለት ይመስለዋል። ደግ ነው፤ ደግነቱ ግን ጆሮ የለውም።

ኮምፒውተሯ ላይ የተጻፈውን በድምፅ የሚያነብላት ፕሮግራም አለ። ሰሞኑን ረጅም ፋይል ስትከፍት ያ ድምፅ ይንተባተብ ጀመር፤ አንድ ቃል ይልና ትንፋሽ ያጥረዋል። አንድ ቀን ለወንድሟ ብታማርር፣ ቅዳሜ በጠዋት አዲስ ፕሮሰሰር፣ የኮምፒውተሩን አንጎል ማለት ነው፣ በፖስታ አድርጎ ከተፍ አለ። ሰኞ ዐሥር ሰዓት የምታስረክበው ሥራ እንዳለባት ነገረችው። ሥራው ደግሞ ተራ ሥራ አልነበረም። አዲሱ የፍርድ ቤት መዝገብ ክፍል ኃላፊ «የማያይ ሰው ይህን እንዴት ይሠራዋል?» ብሎ ካንገራገረ በኋላ ለሙከራ የሰጣት ምስክርነት ነው። አንድ ሰዓት ብታዘገይ ሁለተኛ እንደማይጠራት ፊት ለፊት ነግሯታል። የቀራት ዐሥራ አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ የድምፅ ቅጂውም ጽሑፉም ያለው እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ነው፣ ሌላ የሚያነብላት ማሽንም የላትም። ስለዚህ ከሰኞ በኋላ ይሁን ብላ ለመነችው። ሃያ ደቂቃ ይበቃኛል አለ።

መቀየሩስ እውነትም ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ማብሪያውን ሲጫን ማራገቢያው ዞረ፤ ስክሪኑ ግን እንደ ጠቆረ ቀረ። ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አጥፍቶ አበራ። ራም የሚባለውን የማስታወሻ ካርድ ነቅሎ ጠርጎ መለሰ። ፕሮሰሰሩን አንሥቶ እግሮቹን በእጅ ባትሪ እያበራ መረመረ፣ የማቀዝቀዣ ቅባቱን እንደገና ቀባ። «ችግሩን ለማጥበብ ነው» እያለም ፕሪንተሯን፣ ማዳመጫዋን፣ ስፒከሯን አንድ በአንድ ነቃቀለና የት እንዳኖራቸው ሳይነግራት ቀረ። ዓይነ ስውር ቤት ዕቃን ከቦታው ማንሣት ምን ማለት እንደሆነ፣ አብሯት አድጎ እንኳ ዛሬም አልገባውም።

እሷ ግን አንድ ነገር ሰምታለች። ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ሃርድ ዲስኩ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ ቀጥሎ ረጋ ብሎ፣ በመጨረሻ ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ ይላል። ስድስት ዓመት በየጠዋቱ የሰማችው ድምፅ ነው፤ ዛሬም አንዲት ጠቅታ አልጎደለችውም።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ እኮ ተነሥቷል። ስፒከሬን ሰካውና እንስማው» አለችው።

«መጀመሪያ ምስል ይምጣ፣ እቱ። ምስል ሳይመጣ ድምፅ ምን ሊያደርግልሽ ነው?»

ይህን የሚለው ለማን እንደሆነ ልብ አላለም። እርር ድብን አለች፤ ግን ታላቋ ነው፣ ለሷ ብሎም ነው ጉልበቱ ወለሉ ላይ የተንበረከከው፣ ምን ትበለው።

እሑድ ሌላ ኬብል ይዞ መጣ። ስፒከሩን እንዲሰካላት ዳግመኛ ጠየቀችው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እጇን ወደ ኮምፒውተሩ ሣጥን ስትሰድ «ተይ፣ ይይዝሻል» ብሎ መለሳት። ቀኑን ሙሉ ሲፈታና ሲያጠብቅ ዋለ፤ ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ። ከሁሉም ያናደዳት ደግሞ፣ ወደ ማታው ላይ ራሷም ማሽኑ ሞቷል ብላ ማመን መጀመሯ ነበር። በገዛ ጆሮዋ የሰማችውን ትታ የወንድሟን ዓይን አመነች። ለኃላፊው የምትለውን ይቅርታ በልቧ ስታዘጋጅ ያዘች፤ እንዴት እንደሚመልስላትም ታውቀዋለች፤ «ብዬ ነበር» ነው የሚለው።

ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ወንድሟ ጥፋቱን ሁሉ በስክሪኑ ላይ አላከከና፣ ከሥራ ባልደረባው ሌላ ስክሪን ሊዋስ ወጣ። በሩ ሲዘጋ ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ንዴቷ ድንገት መንገድ አገኘ። ምስሉ ለማን ነው? እኔ ምስሉን ምን ላደርገው ነው? ብድግ አለች። መደርደሪያውን፣ ጠረጴዛውን፣ ከአልጋው ሥር ዳሰሰች፤ ስፒከሯን ሶፋው ላይ ከጃኬቱ ሥር አገኘችው። የሣጥኑን ጀርባ በጣቷ ወረደች፤ የመብራቱ፣ የኪቦርዱ፣ ከዚያ ሦስቱ ክብ ቀዳዳዎች። የስፒከሯ መካከለኛዋ ናት። ሰካች፣ አበራች፣ ጠበቀች።

ጠቅ ጠቅ አለ።

«የይለፍ ቃል ያስገቡ» አላት ማሽኑ።

እልህ አስለቀሳት። ሁለት ቀን ሙሉ፣ በተነሣ ቁጥር፣ ይህንኑ ሲላት ኖሯል፤ የሚሰማበት ቀዳዳ ተነፍጎ እንጂ። ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገችና ወንበሯን ስባ ገባችበት። ድምፁ አልተንተባተበም፤ ረጅሙን ፋይል ከአፍ እስከ ገደፉ እንደ ጅረት አወረደው።

ወንድሟ በሰባት ሰዓት ትልቅ ስክሪን አቅፎ ሲመለስ የኪቦርዱን ቁልፎች ኳኳታ ከበሩ ሰማ። ምስል መጣ ወይ አለ። አልመጣም አለችው፣ እጇን ሳታነሣ። ስክሪኑን አገናኘ፤ ያም ጠቆረ። ሥራው እየተሠራ ምስል መጥፋቱ ከበፊቱ ይልቅ አበሸቀው። በመጨረሻ ፕሮሰሰሩን ለሸጠለት ሰው ደወለ፤ ሰውዬውም አሮጌው ፕሮሰሰር ምስሉን ራሱ ያወጣ እንደነበር፣ አዲሱ ግን ብርቱ ቢሆንም ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ካልተገዛለት ምስል እንደማያወጣ አስረዳው። ሌላው ነገር ሁሉ ደህና ነው። ስልኩን ዘግቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ታዲያ እየሠራ መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም?»

አሁን እጇ ቆመ።

«ነግሬሃለሁ፣ ጋሼ። ቅዳሜም፣ እሑድም። አንተ ሥራህን ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጨርሰህ ነበር። ከዚያ ወዲህ የለፋኸው አንተ እንድታይ ነው።»

ወንድሟ ጆሮውን ወደ ስፒከሩ አስጠግቶ ማሽኑ ምን እንደሚል ጠየቃት፤ እሷ በለመደችው ፍጥነት ሲያነብ አንድም ቃል አልያዘለትም ነበር። ሁለት ገጽ ስለሚቀራት ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ነገረችው። ተቀመጠ።

ለዐሥር ሩብ ጉዳይ ላይ ላከች። ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ ከኃላፊው ኢሜይል መጣ። ለራሷ ባንድ ትንፋሽ ሰማችው፤ ከዚያ ለወንድሟ ብላ የድምፁን ፍጥነት ቀነሰችና ደግማ አስነበበችው፦ «ደርሶናል፤ ስሕተት አላገኘንበትም። ቀጣዩ የሦስት ቀን ምስክርነት ረቡዕ ይላክልዎታል።»

ወንድሟ ቃል በቃል ሰማው። እየሰማም ግን ዓይኑን ከጥቁሩ ስክሪን ላይ አላነሣም።