ቀድማ የምትነካው ጥርስ

የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ፣ ግማሽ ፊታችሁ ደንዝዞ፣ «እንዴት ነው?» ስትባሉ፣ እንዴት እንደሆነ ገና ሳታውቁት «ጥሩ ነው» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እናቴ ብላለች። እኔም አጠገቧ ቆሜ ያንኑ ቃል ወደ ዕብራይስጥ መለስኩላት። ከዚያ በኋላ አራት ቀን ሙሉ አንድ ቦታ አርፌ መቀመጥ አቃተኝ።

በቅደም ተከተል ላስረዳ፤ አመሌ ነው። ከእናቴ ጋር የምንኖረው ጊቫት ሃሞሬ በሚባል የኮረብታ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥራዬ የጥርስ ሐኪም ረዳት ለመሆን የሚማሩ ሰዎችን ማስተማር ነው። በተለይ የማስተምረው ስለ ጥርስ ሙሌት ነው፤ እዚህ ሁላችንም «ስቲማ» ስለምንለው። የትኛው ዱቄት በየትኛው ፈሳሽ እንደሚለወስ፣ የትኛው መብራት እንደሚፈልግ፣ የትኛው እርጥበት እንደሚጠላ።

እናቴ በቀኝ በኩል መንጋጋ ጥርሶች የሏትም። ጎንደር ገጠር ሳለች፣ የታመመ ጥርስ መድኃኒቱ መንቀል ብቻ ነበርና፣ አንድ በአንድ አልቀዋል። የምታኝከው በግራ ነው፤ በግራም የምትተማመነው በታች ባለች አንዲት መንጋጋ ነው። እሷም ተቦረቦረች። «ትነቀልና ልረፍ» ስትለኝ ለምኜ፣ ተለማምጬ፣ እሑድ ጠዋት በአውቶቡስ ወደ ከተማ ይዣት ወረድኩ። «ከዚህ በኋላ ቆሎ ትቆረጥሚያለሽ» ብዬ ቃል ገባሁላት።

ዶክተሯ ትሠራለች፣ እኔ አስረዳለሁ። «እማ፣ ከሥር ያደረገችው ዱቄትና ፈሳሽ የተለወሰ ነው፤ በራሱ ከጥርሱ ጋር ይጣበቃል። ከላይ ደግሞ እንደ ሊጥ የለሰለሰውን በስሱ በስሱ ትደርባለች፤ በየድርቡ ሰማያዊ መብራት ታበራበታለች። በወፍራሙ ከተደረገ መብራቱ ታች አይደርስም፣ ውስጡ ሳይጠነክር ይቀራል።» እናቴ አፏን ከፍታ በዓይኗ ብቻ ትከተለኛለች።

ሲያልቅ ዶክተሯ ቀጭን ሰማያዊ ወረቀት አስነከሰቻት። ወረቀቱ እንደ ካርቦን ነው፤ ሙሌቱ ከፍ ያለበት ቦታ ላይ ቀለሙን ይተዋል። የደነዘዘ አፍ ግን አጣምሞ ይነክሳል። ምንም ምልክት አልታየም።

«ከፍ ይላታል ወይ? ጠይቂያት» አለችኝ ዶክተሯ።

«እማ፣ ጥሩ ነው አይደል?»

«ጥሩ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ። እጇ ይባረክ።»

«ጥሩ ነው ትላለች፤ እጅሽንም መረቀች» አልኩ። ዶክተሯ ሳቀችና ቀጣዩን ሰው ጠራች።

ሰኞ ምሳ ላይ የእናቴ ሳህን ባዶ ነበር።

«ምነው አትበዪም?»

«በላሁ እኮ።»

«ምን?»

«ሾርባ።»

«ሾርባ ይበላል እንዴ?»

«አንቺ ጥርስሽ ሙሉ ስለሆነ ነው የምትመራመሪው።»

ማክሰኞ አመነች። «ስነክስባት እንደ ሚስማር ትወጋኛለች። ስቲማሽ አልያዘም። ለሐሙስ ቶር አስይዣለሁ፤ ትነቀላለች።»

ቶር ማለት ቀጠሮ ነው። እናቴ ለራሷ ቶር አስይዛ አታውቅም፤ ሁልጊዜ የምደውልላት እኔ ነኝ።

«ዕብራይስጥ አልችልም ትዪ አልነበር?»

«ለማስነቀል የሚበቃ እችላለሁ።»

ያቺ መንጋጋ ከወጣች የምታኝክበት አይኖራትም። ይህን እያሰብኩ ደረጃውን ወርጄ፣ ቁልፍ ረሳሁ ብዬ ተመልሼ ወጣሁ፤ ቁልፉ እጄ ላይ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ የእሑዱን ሥራ ከመጀመሪያው እየደጋገምኩ አስታወስኩ። ምራቅ ገብቶበት ይሆን? ድርቡ ወፍሮ ይሆን? መብራቱ አንሶት ይሆን? የምወርድበት ፌርማታ አልፎኝ ባቡር ጣቢያው ደጅ፣ ሻንጣቸውን በተሸከሙ ወታደሮች መካከል ራሴን አገኘሁት። ጥፋቱን ሁሉ የፈለግሁት ሙሌቱ ውስጥ ነበር።

ረቡዕ ክፍል ውስጥ ዱቄቱንና ፈሳሹን መለወስ አሳየሁ። ጠርሙሱን ቀጥ አድርጎ ማንጠብጠብ፤ ዱቄቱን ለሁለት መክፈል፤ መጀመሪያ ግማሹን፣ ከዚያ ቀሪውን ማስገባት፤ ቶሎ ጨርሶ፣ ገና እያብረቀረቀ ሳለ ጥርሱ ላይ ማድረግ። ማብረቅረቁ ከጠፋ የመጣበቅ ኃይሉም አብሮ ይጠፋል።

«ገባችሁ?»

«ገባን!» ከሁሉም በላይ ድምፃቸው የተሰማው ከጎጃም የመጡ፣ የእናቴ እኩያ የሆኑ አንዲት ተማሪዬ ነበሩ።

ዞር ስል እሳቸው ልውሳቸውን ያሻሉ። ይሰበስቡታል፣ ይዘረጉታል፣ መልሰው ያሻሉ፤ ነገር በደንብ ሲታሽ ይጥማል ብለው ያደጉ እጆች ናቸው። ልውሱ እንደ ጠመኔ ፈዝዟል። ይባስ ብለው ፈሳሽ ሊጨምሩበት ጠርሙሱን አነሱ።

«ይተዉት፣ ይተዉት! ፈሳሽ አይጨመርበትም!»

«ደረቀ እኮ፣ መምህሬ።»

«መቼ እንደሚያቆሙ አልገባዎትም ነበር?»

«አልገባኝም።»

«ታዲያ ለምን ገባኝ አሉ?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያን ያህል ለፍተሽ አስረድተሽ፣ ልጄ፣ በሰው ፊት አልገባኝም ልበልሽ?»

የእናቴ የተከፈተ አፍና ተከትለውኝ የነበሩት ዓይኖቿ መጡብኝ። ዶክተሯ «ከፍ ይላታል ወይ?» ብላ ስታስጠይቀኝ፣ እኔ «ጥሩ ነው አይደል?» ነበር ያልኳት። ይሉኝታ ለሚይዘው ሰው ይህ ጥያቄ አይደለም፤ መልሱን ራሴው አጉርሻታለሁ።

ለተማሪዬ አዲስ ዱቄት ሰጠኋቸው። «ገባዎት?» አላልኩም። «ማብረቅረቁ ሊጠፋ ሲል ይጥሩኝ» ብቻ አልኳቸው። ጠሩኝ፤ በልኩ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ዶክተሯን፣ «ከመንቀልሽ በፊት እናቴን አንድ ነገር ልጠይቃት» አልኳት። ከዚያ ወደ እናቴ ዞርኩ። አፏ አልደነዘዘም።

«እማ፣ ቀስ ብለሽ ግጠሚ። የትኛዋ ጥርስ ቀድማ ትነካለች?»

«ኧረ ሁሉም ደኅና…»

«ደኅና ናቸው ወይ አላልኩሽም። የትኛዋ?»

ምላሴን ይዤ ቆየሁ። እናቴ ገጠመች፣ ከፈተች፣ እንደገና ገጠመች። ከዚያ ጣቷን አስገብታ አሳየችን።

«ይቺ። ሌሎቹ አይደርሱም፤ ብቻዋን ነው የምትሸከመው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«መደንዘዙ ከለቀቀኝ ጀምሮ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሴትዮዋ ያን ያህል ጎንበስ ብላ ለፍታ፣ ሥራሽ ጠማማ ነው ልበላት? ደግሞስ አንቺ መች ፋታ ሰጠሽኝ?»

ዶክተሯ የእናቴን ጥርስ አድርቃ ሰማያዊውን ወረቀት አስነከሰቻት፤ እናቴም ግራና ቀኝ አፋጨች። ሙሌቱ ላይ ምስር የምታህል ሰማያዊ ነጥብ ወጣች። ያቺ ከፍታ ናት ጥርሷን በእያንዳንዱ ንክሻ ስትወግራት የሰነበተችው። ዶክተሯ ነጥቧን በስሱ ሞረደቻት።

«አሁንስ?» አልኳት።

እናቴ አየችኝ። እኔ ጥርሷን አየሁ።

«ገና ናት» አለች። «ትንሽ ይቀራታል።»

ቃል በቃል መለስኩት። ዶክተሯ እንደገና ሞረደች፣ እንደገና አስነከሰች። በሦስተኛው እናቴ ገጥማ ከፈተችና «አሁን ሁሉም እኩል ተገናኙ» አለች። መንቀያው ከመሳቢያው አልወጣም። ሕመሙ ቀስ በቀስ እየለቀቃት ሄደ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከወጥ ቤት የቆሎ ድምፅ ሰማሁ። ገብቼ እንዴት እንደሆነ ልጠይቃት ነበር። ተውኩት።

እናንተም እስቲ ሞክሩት። ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ከንፈራችሁን ግጠሙ፣ ጥርሳችሁን በጣም በዝግታ አገናኙ፤ የትኛዋ ቀድማ እንደምትነካ ለዩ። ከዚያ እናታችሁን ጠይቋት። «ጥሩ ነው?» አትበሏት። «የትኛዋ ቀድማ ትነካለች?» በሏትና፣ እስክትመልስ ድረስ እባካችሁ ዝም በሉ።