እህቴ የምትበላው ስንዴ ፍለጋ

ሞባይል ገና መንዝ፣ አገሬ ዘመሮ መድረስ በጀመረበት ሰሞን፣ እኔ አዲስ አበባ አንድ የእህል ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራ ነበር። ሥራዬ ዱቄት ውስጥ ያለውን ግሉተን የሚባል ፕሮቲን መለካት ነው።

ዘመሮ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ዳቦ በበላች ቁጥር ሆዷ ይነፋል፤ ከስታ ከስታ አጥንቷ ቀርቷል። ሐኪም ጠላቷ ያው ግሉተን መሆኑን ሲነግራት፣ እማዬ «የምን ጉድ ነው! ስንዴ ሰው ይጠላል?» አለች።

ለእህቴ ከሁሉ የከበዳት የማርያም ማኅበሯ ነው። ባለተራዋ ያቀረበችውን ዳቦ አልበላም ማለት በእኛ አገር ቤቱን መናቅ ነው። አንዷማ «አዲስ አበባ ታክማ መጣችና ዳቦአችንን ተጠየፈች» ብላ ወጋ አደረገቻት። ከዚያ ወዲህ ቀረች። መቅረቷ ከሆዷ በላይ አንገበገባት።

እኔንም እልህ ያዘኝ። ሞላሌ ገበያ ያገኘሁትን የስንዴ ዓይነት ሁሉ፣ ነጩንም ጥቁሩንም፣ ለቃቅሜ ወደ ላቦራቶሪው ተሸክሜ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ «የድሮው ያገራችን ስንዴ ለሆድ ይስማማል» ስላሉኝ ተስፋዬ እሱ ላይ ነበር። አለቃዬ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ በመሣሪያው እንድጠቀም ፈቀዱልኝ። አንዱ በዛ፣ ሌላው አነስ ይላል እንጂ ነጻ የሆነ ጠፋ። የተመካሁበትም ያው ነው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

«አሁን ታዲያ ምን እየበላች ነው?» አሉኝ አለቃዬ።

«እናታችን ስንዴውን ትታ ገብስ ብቻ ነው የምታበላት። በሶ፣ ቆሎ...»

«ኧረ በማርያም! ገብስም እኮ የዚሁ ፕሮቲን ዘመድ አለው!»

የመንዝ ሰው ገብስ ይጎዳል ቢሉት ይሰማል? ደውዬ ስነግራት እማዬ «እንግዲያውስ አየሩንም ከልክያት!» ብላ ጮኸችብኝ። ጮኸች እንጂ በማግስቱ ከመርሐቤቴ የመጣ ጤፍ ገዝታ ገባች፤ ለእህቴ ብቻ የሚሆን ወንፊትና ቡሃቃም ለየች። እህቴ ውላ አድራ ፊቷ ሞላ።

እማዬ ለካ ጎረቤቱን ሁሉ እየዞረች ስታስረዳ ከርማለች። ያቺ ወጋ ያደረገቻት ሴት ተራዋ ሲደርስ ራሷ ቤታችን መጥታ እህቴን እጇን ይዛ ወሰደቻት። እኔም አገር ቤት ነበርኩና ተከተልኳቸው። መሶቡ ሲከፈት ስንዴ የለም፤ የጤፍ ቂጣ ብቻ። ያቺን ሴት እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

«ዛሬ ሁላችንም ያንቺን ነው የምንበላው» አለቻት። «በገብሱ ጠላ ፈንታም ብርዝ በጥብጬልሻለሁ።»

ቄሱ ባርከው ቆረሱ። እህቴ በሁለት እጇ ተቀብላ በላች። ከዚያ እጇን እንደገና ዘረጋች።

«ጨምሩልኝ።»

«ሆዳም!» አለቻት ሴትዮዋ፣ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች።