ስሙ የማይጠራው ቅጠል

በደጃችሁ የበቀለን ነገር ገደል ለገደል ስትፈልጉ ከርማችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከርሜያለሁ። ባለፈው ሳምንት እዚህ መካነ ሰላም ተማሪዎቼ የትምህርት ቤቱን አጥር ጥግ ሲያርሙ ነቅለው የከመሩት ልት ሽታው ሲደርሰኝ ንዴቱ እንደ አዲስ ተነሣብኝ።

ልትን ለማታውቁት ላስረዳ። ፍግና እርጥበት ባለበት ይበቅላል፤ ቅጠሉ ክብ ሆኖ ጠርዙ ገባ ገባ ያለ፣ አበባው ነጣ ብሎ ሐምራዊ የነካው፣ ከጥፍር የማይበልጥ ነው። ፍሬው ትንሽ ድፎ ዳቦ ይመስላል። ቅጠሉና ሥሩ ሲወቀጥ እንደ ተልባ ይሙለጨለጫል፤ የሰውም የከብትም ቁስል ይታሰርበታል።

ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ እኅቴ ዘነቡ ክው ያለ መሬት ስትቆፍር እግሯን በዶማ መታች። የመንደራችን ሐኪም ጎረቤታችን እትዬ ጦይባ ነበሩ፤ አረንጓዴ ነገር ቤታቸው ወቅጠው እያመጡ ያስሩላታል። ቅጠሉ ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው መልሳቸው ያው ነበር፦ «አብሽሪ ልጄ፤ ስሙ የተጠራ መድኃኒት አይሠራም!»

ቁስሉ ሊደርቅ ሲል እትዬ ጦይባ ለሰፈራ ተመዝግበው ወደ ከተማ ተወሰዱ። በሳምንቱ የዘነቡ እግር አበጠ፤ ጣቶቿ ጠቆሩ። እናቴና እኔ ከየገደሉ ያገኘነውን ቅጠል ሁሉ ለቀምን። እንዳይጠወልግብኝ፣ እጣቢ ከምንደፋበት ጥግ ድርቁ ያልነካውን ልት ቀጥፌ ቅርጫቱ ውስጥ ጎዘጎዝኩና እትዬ ጦይባ ወዳሉበት ከተማ የግማሽ ቀኑን መንገድ ሮጥኩ።

ስደርስ ሰፋሪዎቹን የሚወስደው መኪና ላይ ወጥተው ነበር። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ እያነሣሁ አሳየኋቸው፤ ሁሉንም አይደለም በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ስጨርስ አለቀስኩ። እሳቸው ግን ቅርጫቱ ውስጥ አይተው በሳቅ ፈረሱ።

«ያ አላህ! መድኃኒቱን ምንጣፍ አድርጋው መጣች!»

ስሙን ያኔም አልጠሩም። መኪናው ተነሣ።

ዘነቡ ዳነች፤ ሁለት ጣቶቿ ግን አልተረፉም። እነዚያ ቀናት ባይባክኑ ይተርፉ ነበር እላለሁ። እትዬ ጦይባም ከሄዱበት አልተመለሱም። ለሳል፣ ለቃጠሎ፣ ለምጥ ያስሩልን የነበረውን፣ ያጠጡንም የነበረውን ሁሉ ይዘውት ሄዱ፤ አንዱንም አናውቅም። እሳቸውን አከብራለሁ፤ ልማዳቸውን ግን ይቅር ማለት አቅቶኛል።

እባካችሁ፣ ዛሬውኑ ከጓሯችሁ የበቀለውን ሁሉ ቀጥፋችሁ ወደ አንድ አዛውንት ሂዱ። ስም አትጠይቁ። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ አንሡና ፊታቸውን እዩ።