አዋላጇና ወፍራሙ ሰዓት

ጋሽ ከድር ሰዓት ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን ሰዓት የሚባል ነገር አልነካሁም። ወረንጦ አስያዙኝና ቁንጥር ጤፍ ሳህን ላይ በትነው፣ «አንድ አንዱን እየለቀምክ ወደዚህኛው ሳህን አዛውር» አሉኝ። የሃያ አራት ዓመት ሰው ነበርኩ። ጤፍ ልለቅም ነው ወይ የመጣሁት ብዬ ውስጤ ተቆጣ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን እጄ መንቀጥቀጡን ትቶ ነበር።

ሱቁ ሆሳዕና ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ጊዜው የደርግ ነው። ጋሽ ከድር የጉራጌ ሰው ናቸው፤ እኔ ኤርጃቦ ደግሞ የሀዲያ ልጅ ነኝ። ሁለታችን አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማጉያ መነጽር፣ አምስት ትንንሽ ካቻቢቴዎችና ቤንዚን የሚቀመጥበት ብርጭቆ ነበረን። እሳቸው ይፈታሉ፣ እኔ አጥባለሁ፤ እሳቸው ይገጥማሉ፣ እኔ አያለሁ። እንዲህ ሆነን አንድ ዓመት ሙሉ ሠራን።

ጋሽ ከድር ሌላ ቦታ ያላየሁት አመል ነበራቸው። ሰዓት ሊገዛ የመጣን ሰው ስለ ምርጫው አይጠይቁትም። ሰዓቱን ክንዱ ላይ ያስሩለትና፣ «እስኪ ሥራህን አሳየኝ» ይሉታል። ገበሬው ባዶ እጁን ያነሳና ይቆፍራል። ሹፌሩ ቆሞ መሪ ያዞራል። አስተማሪው አየር ላይ ይጽፋል። መጀመሪያ ሳየው ሰው ላይ የሚያሾፉ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከክንዱ ላይ አይነቅሉም።

ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ የሚያመጧቸው የስፖርት ሰዓቶች ሁለት ዓይነት ነበሩ። ወፍራሙን ደንበኞች «ታንክ» ይሉታል። ክዳኑ እንደ ብሎን እየዞረ የሚጠብቅ፣ ውስጡ የጎማ ቀለበት ያለው፣ መሙያው ጎልቶ የወጣ ነው። ውሃ አይፈራም፤ ከድንጋይ ጋር ቢጋጭም አይደነግጥም። ነገር ግን ከሸሚዝ እጅጌ ሥር አይገባም፤ ቀጭን ክንድ ላይ ደግሞ ይዞራል። ቀጭኑ ቀላል ነው። ታስሮ መታሰሩ ይረሳል፤ ለቢሮም ለቤተ ክርስቲያንም ይሆናል። የወንዝ ውሃ ከገባበት ግን አለቀለት ማለት ነው።

አንድ ቀን የአንድ ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር መጥቶ ወፍራሙን ካላሰራችሁልኝ አለ። ጋሽ ከድር አሰሩለትና፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ስብሰባ ላይ እንደሚያደርጉት እስኪ ያጨብጭቡ» አሉት። አጨበጨበ። የብረት ማሰሪያው ሰፍቶት ስለነበር ሰዓቱ ክንዱ ላይ ተንቀጨቀጨ። «ይረብሾታል» አሉት። «ተው እንጂ፣ እንዲህማ ከሆነ ከኋላ የተቀመጠውም ይሰማዋል» ብሎ ደስ እያለው ገዝቶ ሄደ። ጋሽ ከድር እሱ እስኪርቅ ጠብቀው፣ «እሱም ሥራውን አሳይቷል» አሉኝ።

በሦስተኛው ዓመት መለዋወጫ ሊገዙ አዲስ አበባ ሲሄዱ ሱቁን ለእኔ ጥለው መሄድ ጀመሩ። አስቴር የመጣችው እሳቸው በሌሉበት የገበያ ቀን ነው። ፎንቆ አካባቢ ባለች ጤና ጣቢያ አዲስ የተመደበች አዋላጅ ናት። ቀጭን ልጅ ናት፤ የክንዷ አጥንት ይቆጠራል። በሀዲይኛ ነበር ያወራነው። «በእግሬ ነው የምዞረው፤ ዝናብ አለ፣ ወንዝ አለ፣ የሰከንድ ቆጣሪው በደንብ የሚታይ ሰዓት ስጠኝ» አለችኝ።

«ሥራሽን አሳዪኝ» ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶም ነበር። ግን ሱቁ በሰው ተሞልቷል፤ ቅቤ ሻጭ አለ፣ የአዲሎ ነጋዴዎች ቆመዋል፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌም አሉ። እንዴት አድርጌ ነው አንዲት ወጣት ሴትን በሰው ፊት እንዴት እንደምታዋልጂ አሳዪኝ የምላት? ይሉኝታ ያዘኝ። ወንዝና ዝናብ ካለ ወፍራሙ ነው ብዬ ሰጠኋት። የብረት ማሰሪያውን ሁለት ቁራጭ ቀንሼ አሳጥሬ መርቄ ሸኘኋት።

በሦስተኛው ሳምንት ተመልሳ መጣች። ጋሽ ከድር ነበሩ። ያን ቀን በአማርኛ ጀመረች፤ እሳቸው እንዲሰሙላት ነው።

«ጋሽ ከድር፣ ይህ ሰዓት ቆሞብኛል» አለች። «ምጥ የያዛት ሴት ዘንድ ነበርኩ። አየሁት፣ አምስት ሰዓት ይላል። ትንሽ ቆይቼ አየሁት፣ አሁንም አምስት ሰዓት ይላል። ልቤ በሥራው ተይዞ አላስተዋልኩም። በኋላ ጥላውን ሳይ ስምንት ሰዓት ሆኗል። በስድስት ሰዓት ወደ ሆስፒታል መላክ ነበረብኝ።»

«ሴትየዋስ?» አሉ።

«ተርፋለች። ልጁም ተርፏል። ያተረፋቸው ግን እግዚአብሔር ነው፤ እኔ አይደለሁም። ሰው ደግሞ ሁልጊዜ እንዲህ አይተርፍም።»

ሰዓቱን ከፈትኩት። ሞላው ደህና ነው፣ ጥርሶቹ ንጹሕ ናቸው፣ ጠብታ ውሃ አልገባበትም። መሙያው ብቻ ወደ ውጭ ተስቦ ወጥቷል። መሙያው ከወጣ ሰዓቱ ይቆማል። ማን አወጣው? አላወቅሁም።

ጋሽ ከድር ወደ እኔ ዞሩ። «ሥራዋን አሳይታሃለች?»

«አላሳየችኝም።»

«ጠይቀሃታል?»

«ሰው ሞልቶ ነበር፣ ጋሼ። አፈርኩ።»

«አንተ አፈርክ፤ እዚያ ደግሞ አንዲት ሴት ልትሞት ነበር» አሉኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን የተሰማኝን እፍረት እስካሁን አልረሳሁትም፤ ያን ያህል በሙያዬ አፍሬ አላውቅም።

ከዚያ ባለቤታቸውን እትዬ ሙናን ጠሩ። ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ነው። እትዬ ሙና ስድስት ወልደዋል፤ ሲናገሩም ፍርድ እንደሚሰጥ ዳኛ ነው። አስቴርን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ፤ መጋረጃው ተዘጋ። እኔና ጋሽ ከድር ጠረጴዛችን ላይ አቀርቅረን ተቀመጥን። ከውስጥ «እኔ ልተኛልሽ፣ ልጁ ትራሱ ይሁን» የሚል የእትዬ ሙና ድምፅ ተሰማ። ከዚያ የውሃ ድምፅ፣ ከዚያ ሳቅ።

እትዬ ሙና መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ወጡ። «ስሙ እንግዲህ» አሉ። «ይህች ልጅ እጇን እስከ ክርኗ ትታጠባለች። ከመታጠቧ በፊት የጋውኗን እጅጌ ትሰበስባለች። ያኔ ጨርቁ ያን ጎልቶ የወጣውን የሰዓቱን ጆሮ ይዞ ይጎትተዋል። አውልቃ እንዳታስቀምጠው ደግሞ የት ታያለች? ሁለቱም እጇ ሥራ ላይ ነው። ለመሆኑ ሰዓት ክንድ ላይ ይታሰር ያለው ማነው?»

ጋሽ ከድር መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ደረቷ ላይ ይሁን» አሉ።

ወፍራሙን በመርፌ ቁልፍ ጋውኗ ላይ አንጠለጠልነው። ጨርቁን ወደ ታች ጎተተው፤ ጎንበስ ስትል ተወዛወዘና አገጯን መታት። ቀጭኑን ሞከርነው። ተለጥፎ ቀረ። ደረቷ ላይ ውሃ አይደርስበትም፤ የሚጎትተው እጅጌም የለም። ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው አንድ ቁራጭ ቆዳ ቆርጦ ሰጠኝ። ባንድ ጫፉ መርፌ ቁልፍ አስገባሁለት፤ መንገድ ስትሄድ ክንዷ ላይ የምታስረው ደግሞ ሌላ የጨርቅ ማሰሪያ ሠራሁ። ባንድ እጅ የሚፈታና የሚታሰር ነው።

መጀመሪያ ሰቅዬ ያሳየኋት አሥራ ሁለት ቁጥሩን ወደ ላይ አድርጌ ነው። ቁልቁል አየችውና ሳቀች። «ይህ ፊት ለፊቴ ለቆመ ሰው ነው፤ የማየው እኔ ነኝ» አለችኝ። ገለበጥኩት።

«ወንዝ ስሻገርስ?» ብላ ጠየቀች።

«የጎማ ቀለበቱን እቀይርልሻለሁ፤ ለዝናብ ይበቃዋል» አሏት ጋሽ ከድር። «ወንዝ ስትሻገሪ ግን እንደ ደብዳቤ ጠቅልለሽ ራስሽ ላይ እሰሪው። አትተማመኚበት።» ወፍራሙን መልሰው መደርደሪያው ላይ አኖሩት።

ክረምት ገባ። መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና የማይገባበት ሰሞን ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ የሰው ጫጫታ ሰምተን ቀና ስንል ስምንት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ወደ ሆስፒታሉ እየሮጡ በሱቃችን ፊት አለፉ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። አስቴር ከጎን እየሄደች ባንድ እጇ የሴትየዋን እጅ ይዛለች። ጎንበስ ብላ ደረቷን አየችና፣ «ፍጠኑ፣ ምጡ በየአራት ደቂቃው ሆነ» አለች በሀዲይኛ። እኛን አላየችንም። ጋሽ ከድር ከወንበራቸው ተነስተው ቃሬዛው ከዓይናችን እስኪጠፋ ቆሙ። እኔም ቆምኩ። የዚያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራንም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ መጣች። ጋውኗ ታጥቦ ገና አልደረቀም። ምጡ የጀመረው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ስድስት ሰዓት ሲሞላ ቃሬዛ አንሡ ብላለች። ባልየው ትንሽ እንጠብቅ ቢላት ሰዓቱን አሳይታ ዝም አሰኘችው።

«ደህና ናቸው» አለች። «ሁለቱም። ሴት ልጅ ናት።»

እትዬ ሙና ከጓዳ እልል አሉ። እኔ ወረንጦዬን አስቀምጬ ዓይኔን ጠረግሁ፤ ቤንዚኑ ነው ብዬ አሳበብኩ።

«ሰዓቱስ?» አሏት ጋሽ ከድር።

«በሳምንት ሁለት ደቂቃ ይቀድማል።»

«አምጪው» አሉና ማጉያ መነጽራቸውን አደረጉ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሰዓት ሸጫለሁ፣ ብዙም ጠግኛለሁ። አሁን በዚህ ሙያ ላሉ ልጆች የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ወፍራም ይሁን ቀጭን የሚለው ጥያቄ ለብቻው መልስ የለውም። ሰውየው በእጁ ምን እንደሚሠራ ጠይቁት። ማፈር ካለባችሁ ከጠየቃችሁ በኋላ እፈሩ።